ግድግዳውን ያልተሻገረች ገጽ

በአባቴ ቤት፣ በእኔና በወንድሜ መኖሪያ መካከል ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ወንድሜ በብረት ዘንግ የበሳት ነው። በእሷ በኩል የኮምፒውተር ገመድ አልፏል። የጉና ብርድ እንዳይገባባት እኔ ዙሪያዋን በጥጥ ወትፌያታለሁ።

በዚህች ቀዳዳ የተነሣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ስድስት ዓመት አልተነጋገርሁም። ሰው ምክንያቱን ሲያወራ ሰምቻለሁ። ርስት ነው ይላሉ። እኔን ልጅ ስላልወለደች በሰው ትዳር ትቀናለች የሚሉም አሉ፤ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ለቀስተኛ ሆነው ቤቴ ሲመጡም አይቻቸዋለሁ። ነገሩ ርስትም ቅናትም አይደለም። አንዲት ገጽ ናት። ከዚህ በኋላ የሚያወራ ሰው ቢያንስ አውቆ ያውራ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግተው ከአርባ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ባሕረ ሐሳብም ያስተምሩ ነበር፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት። ታናሽ ወንድሜን ቅኔ እንዲማር ጎጃም ሰደዱት። ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ተመልሶ አስኳላ ገባ፣ የሒሳብ መምህር ሆነ። አባቴ ቅር አላቸው እንጂ አልተቆጡትም። እኔን ግን የትም የላከኝ የለም። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት አትገባም። የተማርሁት ከቅኔ ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ጥጥ እየፈተልሁ ነው። የተማሪዎቹን ስሕተት ከራሳቸው ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ለንግሥ ጣራ ገዳም ሲሄዱ ስንቅ ተሸክሜ ተከተልኋቸው። ስንመለስ፣ ከበቅሎዋ ኋላ እየሄድሁ፣ በልቤ ያዘጋጀኋትን ጉባኤ ቃና አሰማኋቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። አባቴ በቅሎዋን አቆሙ።

«ድገሚያት» አሉኝ።

ደገምኋት። በቅሎዋን ነድተው ወደ ይፋግ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ በሊቃውንቱ መካከል ቆመው ያችኑ ቅኔ አሰሙ። ሊቃውንቱ «ይበል፣ ይበል» አሉ። እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ቅኔዋ የእሳቸው ሆነች። ተማሪዎቻቸው በቃላቸው ያዟት፣ በሠርግም በተዝካርም ተባለች፣ ወንድሜም አንዲት ቅኔ መቀኘት ያልሆነለት ሰው «የአባቴ» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሰማት ነበር። እዚህ አልጽፋትም። ስትነገር ስለኖረች የሚያውቃት ያውቃታል።

እኔ ጽሕፈት ተምሬ ፍርድ ቤት ገባሁ። ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና መታሁ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒውተር መጣ፣ እሱንም ለመድሁ። ዳኛው ሲናገር እኩል እጽፍ ነበር። በእስክርቢቶ አስቀድሞ ጽፎ ከዚያ መምታት ሥራውን የማይችል ሰው ልማድ ነው ብዬ የምንቅ ነበርሁ። ይህን ንቀቴን ያነሣሁት ኋላ ስለጎዳኝ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ወንድሜ ያገለገሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ይዞ መጣ። የአባታችንን ቅኔ በመጽሐፍ እናሳትማለን አለ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን አልክደውም። አንዱን ኮምፒውተር እኔና አባቴ በምንኖርበት በፊተኛው ክፍል አኖረው፣ ሁለተኛውን ከማተሚያው ጋር ወደ ራሱ ቤት፣ ወደ ውስጥ አስገባው። አባቴ እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ በወዲያ በኩል ይሰበስባል። ፍላሽ የሚባለውን ነገር ግን በቤቱ እንዳይገባ ከለከለ። በዚያ ጊዜ ፍላሽ ቫይረስ ተሸክሞ ያልመጣበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ግድግዳውን በስቶ ገመድ ዘረጋ።

«እታለም፣ አንቺ የጻፍሽው ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ያስተካከልሁት ወደ አንቺ ይመጣል» አለኝ። «ሁለቱ ሲከፈቱ ይኸ ፕሮግራም ፋይሎቹን ያስተያያል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሆነው ከተለያዩ አዲሱን በሁለቱም ቦታ ያኖራል፣ አሮጌውን ያነሣል።»

«አዲሱ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«ያውቃል። እሱን ለእሱ ተይለት።»

ያን ጊዜ የጠየቅሁት ጥያቄ ልክ እንደነበረ ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሒሳብ መምህሩ ግን መልስ ሊሰጠኝ አልፈለገም። እኔ የምጽፍ እንጂ የምጠይቅ አልነበርሁም።

ሥራው በደንብ ሄደ። በመጨረሻው ክረምት የአባቴ ዓይን ፈጽሞ ደክሞ ነበር፤ መደቡ ላይ ተቀምጠው በቃላቸው ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ሲመሽ የጻፍሁትን አነብላቸዋለሁ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን «ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ፣ ምንም አታስቀሪ» አሉኝ። ከገጹ ግርጌ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስገባውን ቀን ጭምር አነበብሁ።

«ይህ የማን ቀን ነው?» አሉ።

«የኮምፒውተሩ ነው፣ አባዬ። የፈረንጅ ነው።»

«ስምንት ዓመት ከፊታችን የሚሮጥ ቀን በእኔ ቅኔ ሥር ምን ይሠራል? ዘመን ስቆጥር ኖሬ በሰው ዘመን ልታተም?»

እውነታቸውን ነበር። ፍርድ ቤትም ሳለሁ በእኛ ቀን ነው የምንጽፈው። ያን ቀን የኮምፒውተሩን ሰዓት ከማዕዘኑ ከፈትሁና ወሩንም ቀኑንም ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ አስተካከልሁት። ጥር የሚለውን የፈረንጅ አንደኛ ወር መስከረም አደረግሁት፣ ሌላውንም በተራው። ፍጹም አልሆነም። መስከረምን ሠላሳ አንድ ቀን ያደርግብኛል፤ ጥቅምትን በሃያ ስምንት ጨርሶ ኅዳር ይገባል፤ እየመለስሁ አስተካክላለሁ። ለጳጉሜ የሚሆን ወር ጭራሹን አጣሁ። አባቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ።

«ጳጉሜ የሌለው ምን ዓይነት ሊቅ ነው?» አሉ። «አምስቱን ቀን አትክፈቺው፤ ይጹም።»

አልከፈትሁትም። ለወንድሜ አልነገርሁትም። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰዓት እሱን ምን አገባው? እሱስ በወዲያ በኩል የሚያደርገውን ሁሉ መቼ ነግሮኝ ያውቃል?

ነሐሴ ሲገባ የጻፍሁት ሁሉ አልቆ ወንድሜ በአንድ ፋይል ሰብስቦ መለሰልኝ። ስሙን «የኔታ» ብሎታል፤ ተማሪዎቹ አባቴን የሚጠሩበት ነው። ከቡሄ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ የውስጡ ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ አባቴ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቡኝ። ወደ አርባ ቦታ አረሙ። «እዚህ ላይ» ይሉና ያስቆሙኛል፣ ቃሉን ይነግሩኛል፣ እለውጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከያችኛዋ ጉባኤ ቃና ደረስን።

«የቱ ላይ ነሽ?» አሉ።

«የጣራ ገዳሟ ላይ።»

«ከሥሯ ጨምሪ» አሉኝ።

«ምን ልጨምር?»

«ይህች የእኔ አይደለችም፣ የልጄ ናት በይ።»

«የትኛዋ ልጅዎ?»

«ስንት ሴት ልጅ አለኝ? ጻፊ።»

ጻፍሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ኑዛዜ ስጽፍ ጣቴ ስቶ አያውቅም፤ ያን ቀን አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መታሁት።

«እጅግ ቆዩ፣ አባዬ» አልኋቸው።

«ይበል ብለውኝ ነበር። ከዚያ እንዴት ልመለስ?»

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። «ለወንድሜም ይንገሩት» ብቻ አልሁ።

«ከተጻፈ ምን ይነገራል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።»

በማግስቱ ጧት ገጿን ላያት ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። የለችም። ጉባኤ ቃናዋ አለች፣ ከሥሯ ግን ባዶ ነው። አርባውም እርማት የለም። ፋይሉ አባቴ ከማረማቸው በፊት እንደነበረው ሆኖ ተቀምጧል። ሳላስቀምጥ ዘግቼው ይሆናል ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ፣ ምንም እንኳ እንዲህ ያለ ስሕተት የእኔ ባይሆንም። ከትዝታዬ ቀኑን ሙሉ እንደገና ጻፍሁ፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ያው አሮጌው ነው። በአምስተኛው ቀን የአባቴ አንደበት ተያዘ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ከቤት ሲወጣ በወዲያኛው ኮምፒውተር የምትቀመጠው ሚስቱ ነበረች። የገሳይ አገር ልጅ ናት፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። ወደ እሷ ሄድሁ።

«አንቺ፣ የእኔን ፋይል ነክተሻል?»

«ኧረ እታለም፣ እኔ የተማሪ ስም ዝርዝር ነው የምጽፍበት። የአባታችንን ፎልደር ከፍቼም አላውቅ።»

«እንግዲያ ራሱ ነው የሚሰረዘው?»

«እኔ ምኑን አውቄው። የጽሕፈት ሰው እርስዎ ነዎት።»

በትሕትና ነው ያለችው። ለእኔ ግን ሽሙጥ ሆኖ ተሰማኝ። ሽሙጥ የሚሰማ ጆሮ ሽሙጥ አያጣም።

ወንድሜ ማታ ሲመጣ ነገርሁት። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተጎንብሶ ገመዱን ነቀለው፣ መልሶ ሰካው፣ በመሰኪያው ላይ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል አሳየኝ። ጥቁር መስኮት ከፍቶ ቁጥር ጻፈ፤ አራት መስመር መጣ።

«ይኸው፣ አራቱንም ጊዜ ጠርቼው አቤት ብሎኛል። ገመዱ ጤነኛ ነው።»

«ገመዱ ጤነኛ ከሆነ የታመመው ማን ነው?»

«እታለም ደግሞ።»

ወደ ውስጥ ገብቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ጽፎ አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ቃሉ በእኔ ላይ መጣ። «አየሽ?» አለኝ፣ ሄዶም ተኛ። የሞከረው ከእሱ ወደ እኔ ብቻ ነው። ከእኔ ወደ እሱ የሚሄደውን አልሞከረም። በቤታችን ነገር ሁሉ የሚሞከረው ከዚያ ወደዚህ ነበር፤ ስለዚህ እኔም ልብ አላልሁትም።

አባቴ በመስከረም አረፉ። ሐዘኑ ጋብ ሲል ሦስተኛ ጊዜ ጻፍሁት፤ አሁን ግን አስቀድሜ በፎልደሩ ላይ የይለፍ ቃል አደረግሁ። እንዳሰብሁት ፋይሉ አልተነካም። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ የጻፍሁት እንዳለ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል? በር ስዘጋ ሌባው ቀረ። በልቤ ፍርዱን ጻፍሁ፣ ማኅተም መታሁበት።

ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ወንድሜ መጣ። «እታለም፣ ማተሚያ ቤቱ ቀን ቆርጦልኛል። ዘግተሽብኛል እኮ። ክፈችልኝና ያረምሽውን ልውሰድ።»

ከፈትሁለት። ከቤቴ ወደ ቤቱ በር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ተከትዬው ሄጄ ከደጃፉ ቆምሁ። ሚስቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችለት።

«የቱ ላይ ነው?»

«ከጉባኤ ቃናዋ ሥር። የመጨረሻው ገጽ ላይ።»

ገለጠ። «ምንም የለም እታለም።»

ገብቼ አየሁ። የለም። ወደ ቤቴ ተመልሼ በራሴ ላይ ከፈትሁ። እዚያም የለም። ስትነሣ ያየኋት ሴት፣ ጣቷ ከመጻፊያው ላይ ገና ያልበረደ ሴት፣ በዓይኔ መጣች።

እንደገና ተመለስሁና ቆሜ በአፌ ነገርሁት። አባታችን በነሐሴ እንዲህ ብለው አስጽፈውኛል፣ ይህች ቅኔ የእኔ ናት፣ ከጣራ ገዳም ስንመለስ ነው የተቀኘኋት አልሁት። በሕይወቴ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ወንድሜ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ አዳመጠኝ። «እንዲህ ካሉ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለእኔ ነገሩኝ።»

«ላንቺ ብቻ» አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «ፋይሉ ላይ የሌለውን ማሳተም አልችልም እታለም። ሰው ምን ይለናል? አባታቸው ሲሞቱ ቅኔያቸውን ተካፈሉ ይላል።»

አራተኛ ጊዜ ልጽፈው እችል ነበር። እሱ ፊት ቁጭ ብዬ ልጽፈው እችል ነበር። አልጻፍሁም። የተናገርሁትን ያላመነ ሰው የጻፍሁትን ቢያምን ምን ይረባኛል?

መጽሐፉ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። ሽፋኑ ላይ የአባቴ ስም፣ ከሥሩ «አሰባሳቢና አዘጋጅ» ተብሎ የወንድሜ ስም። ከውስጥ፣ በምስጋናው መጨረሻ ላይ «በጽሕፈት ያገዘችን እህታችን» የምትል አለች። ጉባኤ ቃናዋ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻዋን ታትማለች። በድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ቅኔዋን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧትና «ይህችን ሲያሰሙ ነበርሁ፤ ይበል ያልኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። ወንድሜ እጅ ነሣ።

የዚያን ጊዜ ሚስቱ ጠላ እየቀዳች ከፊቴ ደረሰች። ከቄሶቹና ከጎረቤቱ ፊት፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ይህች የገሳይ ልጅ የአባቴን የመጨረሻ ቃል በጣቷ ደምስሳ ዛሬ ጠላቸውን ትቀዳለች» አልሁ። ሌላም ተናገርሁ፤ እናቷንም አነሣሁ። እሱን አልደግመውም።

ማሰሮውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠች። «እግዚአብሔር ያያል እታለም» አለችኝ። ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ የግድግዳዋን ቀዳዳ በጥጥ ወተፍሁ። ብርዱ ምክንያት ነበር እንጂ ከዚያ በፊትም ነበረ።

በአንድ ግቢ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ውሃ ስንቀዳ ተራ እንጠባበቃለን፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። በስድስተኛው ዓመት ወንድሜ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። እቃውን ሲጭን አርጅቷል ብሎ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን ተወልኝ። ያልተከፋፈሉ መጽሐፎች የሞሉበት አንድ ካርቶንም ቀረ። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሚያዝያ ላይ የሴቶች ማኅበራችን ደንብ እንድጽፍ ተለመንሁ። በእኔ ኮምፒውተር ጻፍሁ፣ ወደ ውስጥ ገብቼ አተምሁ። ማኅበርተኞቹ አንዲት አንቀጽ አስቀየሩ። በእኔ ላይ አስተካክዬ ወደ ውስጥ ስገባ ያልተስተካከለው ነው ያለው። መጀመሪያ ሳትም ማተሚያው ወረቀት ጎርሶብኝ እስኪለቅ ስጠብቅ በዚያው አንዳንድ ፊደል አርሜ ነበርና የእኔ እርማት ያልተሻገረው ለዚያ ይሆን አልሁ። ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለስሁ። እዚያም፣ አሁን በጣቴ የጻፍኋት አንቀጽ፣ የለችም።

በቤቱ ውስጥ ማንም የለም። የውስጡ በር ቁልፍ በመቀነቴ ታስሯል። የገሳይዋ ልጅ ባሕር ዳር ናት።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ቀረሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልጽፍም። ከዚያ ተነሥቼ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ያየሁትን ሥራ ሠራሁ፤ ምስክር ሰማሁ። ከውስጥ አንድ ቃል ጽፌ አስቀመጥሁ፤ ወደ ውጭ መጣ። ከውጭ በአዲስ ስም አዲስ ፋይል ጻፍሁ፤ ወደ ውስጥ ገባ። ከውጭ የቆየውን ፋይል አረምሁ፤ አልገባም፣ የእኔም ጠፋ። ሦስቱን ደግሜ ሞከርሁ፤ ምስክሮቹ ቃላቸውን አልለወጡም። አዲስ ይሻገራል፣ እርማት አይሻገርም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ትይዩ የተጻፈውን ቀን አነበብሁ። በእኔ ላይ ያለው ዛሬ ነው። በውስጡ ያለው ስምንት ዓመት ከፊት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ቀኖች ጎን ለጎን እያየሁ ምንም አልጠረጠርሁም፤ በእኔ ዓይን የእኔው ቀን ትክክል፣ የእሱ የፈረንጅ ነበርና። ፕሮግራሙ ግን ባሕረ ሐሳብ አልተማረም። ሁለቱን ያስተያያል፣ የኋለኛውን ዓመት የያዘውን አዲስ ይላል። ወንድሜ አንድ ጊዜ የነካው ፋይል ሁሉ ከእኔ እርማት በስምንት ዓመት አዲስ ሆኖ ይታያል። እኔ ቀን ከሌት ባርም ሁልጊዜ አሮጌዋ እኔ ነኝ። ሌላ ስም ሰጥቼው ቢሆን ይሻገር ነበር፤ ነገር ግን በአባቴ ስም የተጠራን ፋይል ስሙን አልለውጥም ብዬ ነበር። የይለፍ ቃሉም ሌባ አላስቀረም፤ ፕሮግራሙን ነው ያስቀረው።

ለወንድሜ ደወልሁ።

«እታለም፣ ምነው ደህና?»

«ደህና ነኝ። ፋይሉን ያጠፋው ሰዓቱ ነው።»

«የቱን ፋይል?»

«የቱን እንደሆነ ታውቃለህ።» አስረዳሁት። ሒሳብ መምህር ነው፣ ሳልጨርስ ገባው።

«ሰዓቱን በእኛ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ስድስት ዓመት እኮ ነው» አለ። «እሷ እኮ ስድስት ዓመት...»

«አውቃለሁ።»

«ላገናኝሽ?»

«ተወው። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገመድም ፕሮግራምም በሌለበት፣ ከፊትህ ቆሜ፣ በአፌ ነግሬህ ነበር። ያንንስ የትኛው ሰዓት አጠፋው?»

ከወዲያ የሚስቱ ድምፅ «ማን ናቸው?» ሲል ሰማሁ። «እታለም ናት» አላት። «ሰላም በልልኝ» አለችው። ብትሰድበኝ ይቀልለኝ የነበረች ሴት ሰላም አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

የእኔን ሰዓት ወደ ፈረንጅ አልመለስሁትም። ወደ ውስጥ ገብቼ የእሱን ወደ እኛ አመጣሁት፤ ገመዱን ነቅዬም በእሱ የተነኩትን ፋይሎች በሁለቱም ላይ ከፍቼ እንደገና አስቀመጥኋቸው፣ ቀናቸው እንዲወርድ፤ ገመዱንም መልሼ ሰካሁ። ከዚያ የአባቴን ፋይል ከፍቼ ከጉባኤ ቃናዋ ሥር ያስጻፉኝን አራተኛ ጊዜ ጻፍሁ። ወደ ውስጥ ሄድሁ። ነበረች።

ያቺን አረፍተ ነገር ብቻ በትናንሽ ወረቀት አትሜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ የዱቄት ሙጫ በጥብጬ፣ በካርቶኑ ውስጥ በቀሩት መጽሐፎች ሁሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለጠፍሁ። የወጡት ወጥተዋል። አንዱን ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ለወንድሜ ሚስት ላክሁ። ከውስጡ «አንቺ አልነበርሽም» ብዬ የጻፍሁባትን ወረቀት አኖርሁ፤ በእጄ ነው የጻፍኋት። ይቅር በይኝ የሚለውን ልጨምር ብዬ እስክርቢቶውን ያዝሁ፣ አልመጣልኝም። መልስ አልላከችም። የእሷ ፈንታ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የሌላውን ጽፌ የራሴን ብተው ደግ አይሆንም። ፋይሉ በጠፋ ቁጥር ከትዝታዬ ስጽፍ ከየት እንደጀመርሁ ለማንም አልተናገርሁም። ሁልጊዜ የጀመርሁት ከመጨረሻው ገጽ፣ ከራሴው ነው። የአባቴን እርማቶች ከዚያ በኋላ ነበር የማስታውሰው። አባቴ ባስጻፉኝ ጊዜ አርባውም ነበሩ። በሁለተኛው ጥቂት ጎደሉ። በሦስተኛው፣ ከሐዘኑ በኋላ፣ ብዙ ጎደሉ። አሁን አሥራ አንዱን አላውቃቸውም። በራሴ ቅጂ ላይ አባቴ «እዚህ ላይ» ብለው ያስቆሙኝን ቦታዎች በእርሳስ አስምሬያለሁ፤ ቦታዎቹን አልረሳሁም። ከመስመሩ በላይ የሚገባውን ቃል ግን ወንድሜም አልወሰደብኝ፣ የገሳይዋም ልጅ አልነካችብኝ። ባዶ ናቸው።